በሦስቱ ወንዞች ከተማ፤ ስለ ክብር ሽልማትና ስለ ተሸላሚዎቹ

በአሜሪካ አገር፥ በፔንሲልቫኒያ ግዛት በስተ ምዕራብ፥ ፒትስበርግ የምትባል ከተማ አለች። ከሰሜን የሚመጣው የአሌጌኒ ወንዝና ከደቡብ የሚመጣው የሞኖንጋሂላ ወንዝ በከተማይቱ መካከል ተገናኝተው ኦሃዮ የሚባለውን ታላቅ ወንዝ ይወልዳሉ፤ ስለዚህም የአገሩ ሰዎች የሦስቱ ወንዞች ከተማ ይሏታል። ሁለቱ ውሆች በሚጋጠሙበት ሹል ምድር ላይ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ምሽግ እየሠሩ ስለ ስፍራው ተዋግተዋል። በመጨረሻም በ1758 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አለቃ ጄኔራል ጆን ፎርብስ ቦታውን በያዘ ጊዜ በአገሩ ሚኒስትር በዊልያም ፒት ስም ሰየመው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የአካባቢው ተራሮች በውስጣቸው ብዙ የድንጋይ ከሰል ስለ ነበራቸው፥ ወንዞቹም ዕቃ ለማመላለስ ስለሚመቹ፥ ፒትስበርግ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን የብረትና የአረብ ብረት ማቅለጫ ዋና ከተማ ሆና ኖረች። ከጀርመን፥ ከፖላንድ፥ ከኢጣልያ፥ እንዲሁም ከአሜሪካ ደቡብ ክፍል የተነሡ ጥቁሮች እንጀራቸውን ፍለጋ ወደዚያች ከተማ ጎረፉ። በዚያ ዘመን የማቅለጫው ጢስ ሰማዩን ከመሸፈኑ የተነሣ በቀትር ጊዜ የመንገድ መብራት የሚበራበት ቀን ነበረ። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን አብዛኞቹ ማቅለጫዎች ተዘግተው ከተማይቱ ይልቁን በሐኪም ቤቶቿና በዩኒቨርሲቲዎቿ የምትታወቅ ሆነች። ይሁን እንጂ የቀድሞው ሥራ ምልክት ፈጽሞ አልጠፋም። ሠራተኞችን ከሸለቆው ወደ ተራራው ያወጡና ያወርዱ ከነበሩት በገመድ ከሚሳቡ ሠረገላዎች፥ በ1870 እና በ1877 ዓ.ም. የተሠሩት ሁለቱ ዛሬም ሰው ያመላልሳሉ። ከአራት መቶ የሚበልጡ ድልድዮች አሏት፤ በመካከለኛው ከተማ ያሉትም ቢጫ ቀለም የተቀቡ ሆነው በወንዙ ላይ ተሰልፈው ሲታዩ ደስ ያሰኛሉ።

ዛሬ ስለዚህች ከተማ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን ብረቷ ወይም ድልድዮቿ አይደሉም። በአንድ የጨዋታ ሜዳ ዙሪያ ያቆመቻቸውን አራት የነሐስ ምስሎች፥ በእነርሱም በኩል የሚገለጠውን የክብርና የሽልማት ነገር ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት ነው። ሰው የድካሙን ዋጋ መቼ ያገኛል? የሚያከብሩትስ እነማን ናቸው? የሚከበረውስ ስለ ምን ነው? ይህ ጥያቄ ለኳስ ተጫዋቾች ብቻ ሳይሆን ልጅ ለሚያሳድግና ተማሪ ለሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚገባ ነው።

ስለ ጨዋታውና ስለ ሽልማቶቹ

በዚያ አገር እጅግ ከተወደዱት ጨዋታዎች አንዱ ቤዝቦል ይባላል። ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች በሁለት ወገን ሆነው ይጫወቱታል። የአንዱ ወገን ወርዋሪ ኳሷን በኃይል ሲወረውር፥ የሌላው ወገን መቺ በዱላ ይመታትና በሜዳው ማዕዘኖች የተቀመጡትን አራት ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል፤ በሜዳው የቆሙትም ተቃዋሚዎቹ በቆዳ ጓንት ኳሷን ቀልበው ሊያግዱት ይጥራሉ። ኳሷን ከአጥሩ በላይ አሻግሮ የመታ ሰው ግን ማንም ሳይከለክለው ዞሮ ይገባል፤ ይህም ሆም ራን ይባላል። በዱላና በኳስ ከገና ጨዋታችን ጋራ ይመሳሰላል እንጂ ሥርዓቱ ሌላ ነው። በየዓመቱ በመከር ወራት የሁለቱ ማኅበሮች አሸናፊዎች ዎርልድ ሲሪስ በሚባለው ግጥሚያ ይገናኛሉ፤ ከሰባት ጨዋታ አራቱን አስቀድሞ ያሸነፈ የዓመቱ ባለ ድል ይባላል።

የፒትስበርግ ቡድን ስሙ ፓይሬትስ ነው፤ ትርጓሜውም የባሕር ወንበዴዎች ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው በ1891 ዓ.ም. ነው። ሌላ ቡድን የእኔ ነው የሚለውን አንድ ተጫዋች ስለ ወሰደ ሥራችሁ የወንበዴ ሥራ ነው ተብሎ ተነቀፈ፤ የከተማይቱ ሰዎችም ስድቡን ተቀብለው መጠሪያቸው አደረጉት። ቡድኑ በ1909፥ በ1925፥ በ1960፥ በ1971 እና በ1979 ዓ.ም. አምስት ጊዜ የዓመቱን ድል አግኝቷል።

ለተጫዋቾች የሚሰጡት የክብር ሽልማቶች ብዙ ዓይነት ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ዓመታዊ ሽልማት ለቡድኑ ከሌላው ይልቅ ለጠቀመ ተጫዋች የሚሰጠው ነው፤ ይህንንም የሚመርጡት የጋዜጣ ጸሐፊዎች ናቸው። በመወርወር ለበለጠው በቀድሞው ስመ ጥሩ ወርዋሪ በሳይ ያንግ ስም የተጠራው ሽልማት፥ በመቅለብና በመከላከል ለበለጠው የወርቅ ጓንት፥ ለጀማሪም የዓመቱ አዲስ ተጫዋች የሚባል ሽልማት አለ። ከነዚህ ሁሉ በላይ የሆነው በኒው ዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ባለው የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ምስልና ስም በነሐስ ተቀርጾ መሰቀል ነው። ለዚህም ማዕርግ የሚታጭ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት የተጫወተ፥ ጨዋታም ከተወ 5 ዓመት ያለፈው መሆን እንዲገባው ደንብ አለ።

ከመካከለኛው ከተማ ተነሥቶ በአሌጌኒ ወንዝ ላይ ያለውን ቢጫ ድልድይ በእግሩ የሚሻገር መንገደኛ ማዶ ሲደርስ የፓይሬትስን ሜዳ ያገኛል። ሜዳው የተከፈተው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፥ ተመልካቹ በመቀመጫው ሆኖ ወንዙን፥ ድልድዩንና ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች በአንድነት እንዲያይ ሆኖ የተሠራ ነው። በድልድዩ ጫፍ መጀመሪያ የሚቀበለው የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ምስል ነው። ስለ እርሱ የሚነገረው ብዙ ስለ ሆነ ለጊዜው አልፈነው የቀሩትን ሦስቱን እንይ።

በሕይወቱ ምስሉን ያየው ሽማግሌ

በዋናው በር አጠገብ ዱላውን ይዞ የቆመው ሆነስ ዋግነር ነው። የተወለደው በ1874 ዓ.ም. በዚያው በፒትስበርግ አጠገብ ከጀርመን አገር ከመጡ ወላጆች ነው። አባቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበረ፤ እርሱም ገና ልጅ ሳለ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ሠርቷል። በኋላ ግን በእጁ ብልሃትና በእግሩ ፍጥነት የታወቀ ሆኖ በማኅበሩ ውስጥ ስምንት ዓመት በመምታት አንደኛ ወጣ። በ1936 ዓ.ም. ለዝነኞች አዳራሽ የመጀመሪያው ምርጫ በተደረገ ጊዜ ከተመረጡት አምስት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበረ።

ስለ ዋግነር የሚነገር አንድ ነገር አለ። በእርሱ ዘመን የትምባሆ ነጋዴዎች ገበያቸውን ለማስፋት የተጫዋቾችን ሥዕል በትናንሽ ካርድ እያተሙ በሲጋራው መያዣ ውስጥ ይከቱ ነበር። ዋግነር ግን ሥዕሉ በዚህ መንገድ እንዳይወጣ ከለከለ። ልጆች ሥዕሌን ሲሹ ትምባሆ እንዳይለምዱ ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ያለ ዋጋ ሥዕሌን አልሰጥም ብሎ ነው የሚሉም አሉ። ማተሙ ስለ ተቋረጠ ከዚያ በፊት የወጡት ጥቂት ካርዶች እጅግ ብርቅ ሆነው ቀሩ፤ ከነርሱም አንዱ በ2022 ዓ.ም. በ7 ሚሊዮን ከ250 ሺህ ዶላር ተሸጠ።

የዋግነር ምስል የተመረቀው በ1955 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ በቀድሞው ሜዳ አጠገብ ነው። ሽማግሌው 81 ዓመት ሆኖት በምረቃው ቀን ተገኝቶ የራሱን ምስል በዓይኑ አየ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዐረፈ። ጥቂት ወር ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ባላየውም ነበር። ቡድኑ ሜዳውን በለወጠ ቁጥር ምስሉም አብሮ እየተጓዘ ዛሬ ያለበት ሦስተኛው ስፍራው ነው።

የአንድ ቀን ሥራና የብዙ ዓመት ድካም

በሌላው በር ያለው ምስል ሁለት እጆቹን ዘርግቶ በደስታ የሚሮጥ ሰው ነው። ይህ ቢል ማዘሮስኪ ነው፤ ምስሉም የተመረቀው በ2010 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1960 ዓ.ም. ፓይሬትስ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋራ ሰባተኛውን ጨዋታ ሲያደርጉ ዘጠኝ ለዘጠኝ እኩል ሆነው ሳለ፥ በመጨረሻው ዙር ማዘሮስኪ ኳሷን ከግንቡ በላይ አሻግሮ መታት። በዚያች በአንዲት ምት ከተማይቱ ባለ ድል ሆነች።

የዚያ ግጥሚያ ሽልማት ግን የተሰጠው ለማዘሮስኪ አልነበረም፤ ከተሸነፈው ወገን ለነበረው ለቦቢ ሪቻርድሰን ነው እንጂ። ከተሸነፈ ቡድን ወጥቶ ይህን ሽልማት የተቀበለ ሌላ ሰው የለም። በሰባቱ ቀኖች ሪቻርድሰን የሠራው ሥራ በእውነት የሚያስደንቅ ስለ ነበረ ዳኞቹ አልተሳሳቱም ይሆናል። የፒትስበርግ ሰው ግን ፍርዱን በሌላ መንገድ ሰጠ። ያ ጨዋታ የተደረገበት ሜዳ ፎርብስ ፊልድ ይባል ነበር፤ የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገበት በ1970 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ በኋላ ፈረሰ። ከግንቡ ግን ጥቂቱ በዩኒቨርሲቲው ሠፈር እስከ ዛሬ ቆሟል። በየዓመቱ ጥቅምት 13 ቀን ሽማግሌዎችና ልጆች ከግንቡ ሥር ተሰብስበው በሬዲዮ የተነገረውን የዚያን ቀን ጨዋታ ከመቅረጫ ያዳምጣሉ፤ መጨረሻውን ሁሉም አስቀድመው እያወቁት እንደ አዲስ ደስ ይላቸዋል።

ማዘሮስኪ ራሱ ከማዕድን ሠራተኛ ቤት የወጣ፥ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያው ቡድን ሳይለይ የተጫወተ ሰው ነው። ስምንት ጊዜ የወርቅ ጓንት ተሸልሟል። ሰው የሚያስታውሰው ግን ያቺን አንዲት ምት ነው፤ ብዙ ዓመት የደከመበት ኳስ የመያዝ ብልሃቱ በዝነኞች አዳራሽ የተቈጠረለት በ2001 ዓ.ም. ከዘገየ በኋላ ነው። በምረቃው ቀን ለመናገር ተነሥቶ እንባ ስለ ያዘው ያዘጋጀውን ንግግር ሳይጨርስ ተቀመጠ።

ራሱ ሸላሚ የሆነው አለቃ

በሦስተኛው በር ሰፊ ትከሻ ያለው ዊሊ ስታርጄል ቆሟል። በ1979 ዓ.ም. ፓይሬትስ ሲያሸንፉ 39 ዓመቱ ነበረ፤ ጓደኞቹም እንደ ቤተ ሰብ አባት ያዩት ስለ ነበር አባባ እንደ ማለት ፖፕስ ይሉት ነበር። በዚያ አንድ ዓመት የማኅበሩን ዋና ሽልማት ከሴንት ሉዊሱ ተጫዋች ከኪት ኸርናንዴዝ ጋራ እኩል ድምፅ አግኝተው ተካፈሉት፤ በማኅበሩ ማጠቃለያና በዎርልድ ሲሪስም እርሱ ተሸላሚ ሆነ። 

እኛን ይልቁን ደስ ያሰኘን ግን ስታርጄል የተቀበለው ሳይሆን የሰጠው ሽልማት ነው። ከጓደኞቹ መካከል አንዱ መልካም ሥራ በሠራ ቀን ከወርቃማ ጨርቅ የተቈረጠች ትንሽ ኮከብ ይሰጠው ነበር፤ ተቀባዩም በቆቡ ላይ ይሰፋታል። ዋጋዋ ከሳንቲም የማይበልጥ ቢሆንም ብዙ ገንዘብ የሚከፈላቸው ትልልቅ ሰዎች ያቺን ኮከብ ለማግኘት እንደ ሕፃናት ይሽቀዳደሙ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጋዜጣ ጸሐፊ ከሩቅ ሆኖ ይፈርዳል፤ ስታርጄል ግን አብሮአቸው የሚውልና ድካማቸውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ኮከቧም የምትሰጠው ዓመት ከርሞ ሳይሆን በዚያው ሰሞን ነበር።

የስታርጄል ምስል የተገለጠው ሚያዝያ 7 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። እርሱ ግን ታሞ ሊገኝ አልቻለም፤ ከሁለት ቀን በኋላ፥ አዲሱ ሜዳ የመጀመሪያውን የወቅቱን ጨዋታ ባደረገበት ቀን ማለዳ ሞተ። ሕዝቡም ለመክፈቻው በዓል ሲመጣ በምስሉ እግር ሥር አበባ አኖረ።

በረከት የለመነው ልጅ

አሁን ወደ ድልድዩ ጫፍ እንመለስ። ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በ1934 ዓ.ም. በፖርቶ ሪኮ ደሴት ካሮሊና በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በሸንኮራ አገዳ እርሻ የሠራተኞች አለቃ ነበረ፤ እርሱም ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበረ። በ1955 ዓ.ም. ወደ ፒትስበርግ መጣ። መልኩ ጥቁር ቋንቋውም ስፓኒሽ ስለ ነበረ ሁለት እጥፍ እንግዳ ሆነ። ጋዜጠኞቹ እንግሊዝኛውን እየሰባበሩ በመጻፍ ይሳለቁበት ነበር፤ ስሙንም ሳይጠይቁት ቦቢ እያሉ ለወጡት።

በ1960 ዓ.ም. ቡድኑ ሲያሸንፍ የዓመቱ ሽልማት ለጓደኛው ለዲክ ግሮት ተሰጠ፤ ክሌሜንቴም በጸሐፊዎቹ ምርጫ ስምንተኛ ወጣ። አንደኛ ባለመሆኑ ሳይሆን እስከዚያ ድረስ ዝቅ በመደረጉ እጅግ አዘነ፤ ኀዘኑንም አልሸሸገም። ነገር ግን በኀዘኑ ሥራውን አልተወም። በሚቀጥለው ዓመት በማኅበሩ በመምታት አንደኛ ወጣ፤ ይህንንም በ1964፥ በ1965 እና በ1967 ዓ.ም. ደገመው። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት በተከታታይ የወርቅ ጓንት ተሸለመ። በ1966 ዓ.ም. የነፈጉትን ዋናውን ሽልማት እነዚያው ጸሐፊዎች ሰጡት።

በ1971 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ፓይሬትስ ዘጠኙም ጥቁሮችና ከላቲን አገሮች የመጡ የሆኑ ተጫዋቾችን ወደ ሜዳ አወጡ። በዚያ አገር በትልቁ ማኅበር ታሪክ ይህን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊት አልተደረገም ነበር። ከነዚያ ዘጠኝ አንዱ ክሌሜንቴ፥ አንዱም ስታርጄል ነበሩ። በዚያው ዓመት በመከር ቡድኑ ከባልቲሞር ጋራ ገጥሞ ሲያሸንፍ ክሌሜንቴ በሰባቱም ጨዋታዎች መትቶ የግጥሚያው ተሸላሚ ሆነ። ድሉ ባለቀ ጊዜ የቴሌቪዥን ሰዎች ከበቡት፤ ሚሊዮን ሕዝብም ምን ይል ይሆን ብሎ ይጠብቅ ነበር። እርሱ ግን በእንግሊዝኛ ከመመለሱ በፊት በገዛ ቋንቋው በስፓኒሽ ወደ ቤቱ ተናገረ፤ በሕይወቱ ታላቅ በሆነው ቀን ለልጆቹ በረከቱን ላከ፥ ወላጆቹም እንዲመርቁት ለመነ። ደስታው በተፈጸመ ጊዜ ወላጆቹን ያልረሳውን ልጅ የአገራችን አባትና እናት ያለ አስተርጓሚ ያውቁታል።

በሚቀጥለው ዓመት በመስከረም 30 ቀን ሦስት ሺኛውን ምቱን መታ፤ ከዚያ በኋላም ሌላ አልጨመረም። በታኅሣሥ 23 ቀን 1972 ዓ.ም. የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ በምድር መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ክሌሜንቴ ከጥቂት ሳምንት በፊት የፖርቶ ሪኮን አማተር ቡድን እየመራ በዚያች ከተማ ሰንብቶ ነበርና ወዳጆች ነበሩት። ሰውን ለመርዳት እየቻለ የማይረዳ በምድር ላይ ዕድሜውን በከንቱ ያባክናል የሚለውን ሐሳብ ደጋግሞ የሚናገር ሰው ስለ ነበረ ቃሉን በሥራ ገለጠ፤ ምግብና መድኃኒት ማሰባሰብ ጀመረ። የተላከው እርዳታ ወደ ችግረኞቹ ሳይደርስ በመንገድ እንደሚወሰድ በሰማ ጊዜ፥ እኔው ራሴ ብሄድ በእጃቸው ይደርሳል ብሎ በዘመን መለወጫው ዋዜማ ታኅሣሥ 31 ቀን በአውሮፕላን ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነበርና ከሳን ኹዋን እንደ ተነሣ ወዲያው ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከአምስቱ ተሳፋሪዎች አንድም አልተረፈም፤ የክሌሜንቴም ሬሳ አልተገኘም። ወዳጁና የቡድኑ ጓደኛ ማኒ ሳንጊየን ሌሎቹ ለመታሰቢያው ጸሎት ሲሰበሰቡ እርሱ ከጠላቂዎች ጋራ ባሕር ውስጥ እየገባ ይፈልገው ነበር።

ከዚህ በኋላ ክብር እንደ ጎርፍ መጣ። የአምስቱ ዓመት ደንብ ተነሥቶለት በ1973 ዓ.ም. በልዩ ምርጫ ከ424 ድምፅ 393ቱን አግኝቶ ወደ ዝነኞች አዳራሽ ገባ፤ ከላቲን አሜሪካ ከመጡት ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆነ። ሰውን በመርዳት ለሚበልጥ ተጫዋች በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ተጠራ፤ ስታርጄል በ1974፥ አንድሩ ማከቺን የተባለውም ሌላው የፓይሬትስ ተጫዋች በ2015 ዓ.ም. ተቀብለውታል። በ1998 ዓ.ም. ወደ ሜዳው የሚወስደው ቢጫ ድልድይ በስሙ ተሰየመ። በሜዳው በስተ ቀኝ ያለው ግንብ የመለያ ቍጥሩ 21 ስለ ነበረ 21 ጫማ ከፍታ እንዲኖረው ተደረገ። በ1994 ዓ.ም. የተመረቀው ምስሉ በሚቆምበት ስፍራ ከፖርቶ ሪኮና በፒትስበርግ ከተጫወተባቸው ከሁለቱ የቀድሞ ሜዳዎች የመጣ አፈር ተቀምጧል።

ነገር ግን በክብሩ መካከል አንድ ስሕተት ነበረ። በዝነኞች አዳራሽ በተሰቀለው ነሐስ ላይ ስሙ ሮቤርቶ ዎከር ክሌሜንቴ ተብሎ ተቀረጸ። በአገሩ ልማድ ግን የአባት ስም ይቀድማል፥ የእናት ስም ይከተላል፤ አባቱ ክሌሜንቴ እናቱም ዎከር ስለ ሆኑ ትክክለኛው ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ዎከር ነው። ይህ የታረመው ከ27 ዓመት በኋላ፥ በ2000 ዓ.ም. ነሐሱ እንደገና ተሠርቶ ነው። በሕይወቱ ስሙን በትክክል ጥሩኝ ብሎ የለመነ ሰው ከሞተም በኋላ ይህን ያህል ጠበቀ።

ከምስሎቹ መካከል የሌሉት

በፒትስበርግ ምድር የኖረ፥ ከነዚህ ምስሎች ግን መካከል የሌለ አንድ ታላቅ መቺ ነበረ። ጆሽ ጊብሰን አባቱ የብረት ማቅለጫ ሥራ ስለ አገኘ ከጆርጂያ ግዛት ወደዚህ መጣ። በዚያ ዘመን ጥቁሮች ወደ ትልቁ ማኅበር እንዳይገቡ ተከልክለው በራሳቸው ማኅበር ይጫወቱ ነበር። የጊብሰን ቡድን ሆምስቴድ ግሬይስ አንዳንድ ጊዜ በፎርብስ ፊልድ ሜዳ ይጫወት ነበር፤ ፓይሬትስ በማይኖሩበት ቀን መሆኑ ነው። ጊብሰን በጥር ወር 1947 ዓ.ም. በ35 ዓመቱ ሞተ። ከሦስት ወር በኋላ ጃኪ ሮቢንሰን በብሩክሊን ቡድን ገብቶ ያንን የተዘጋ በር ከፈተ። የጊብሰን መቃብር በፒትስበርግ ብዙ ዓመት ያለ ምልክት ተቀምጦ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመለት በ1975 ዓ.ም. ነው። በ2024 ዓ.ም. የጥቁሮቹ ማኅበሮች ቍጥር ከትልቁ ማኅበር መዝገብ ጋራ ሲደመር ግን በመምታት ከሁሉ በላይ የተገኘው የእርሱ ስም ሆነ። የሞተው ከ77 ዓመት በፊት ነበር።

በቅርቡም ይህን የመሰለ ነገር ደርሷል። በ1978 ዓ.ም. ለፓይሬትስ ዋናውን ሽልማት ያገኘው ዴቭ ፓርከር ለዝነኞች አዳራሽ የተመረጠው በ2024 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ብዙ ዓመት ታሞ ስለ ነበር ዜናውን በደስታ ሰማ፤ ነገር ግን ለምረቃው አንድ ወር ሲቀረው በ2025 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሞተ። በበዓሉ ቀን ልጁ በአባቱ ፈንታ ቆሞ ተናገረ። በሌላ በኩል ደግሞ ፖል ስኪንስ የተባለው ወጣት ወርዋሪ በ2024 ዓ.ም. የዓመቱ አዲስ ተጫዋች ተብሎ፥ በሚቀጥለው ዓመት መራጮቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ የሳይ ያንግን ሽልማት ሰጥተውታል። አንዱ ገና በጠዋቱ፥ ሌላው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማግኘቱ ነው።

ጨዋታ ባለ ቀን የክሌሜንቴ ድልድይ ለመኪና ይዘጋል፤ አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው በእግር ይሻገራሉ። ልጆቹም በማዶ ያለውን ምስል ባዩ ጊዜ ይህ ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ወላጆቹ ስንት ኳስ እንደ መታ ሊነግሯቸው ይችላሉ፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ ግን ሳይነግሯቸው አያልፉም።

አበው ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም በቁም ሳለም ቢጠራ ምን ይጎዳል? ዋግነር ምስሉን አይቶ ሞተ፤ ስታርጄል ሁለት ቀን አነሰው፤ ጊብሰን ምንም ሳያይ ሄደ። በየቤታችን ተግቶ የሚያጠና ልጅ፥ ማልዳ የምትነሣ እናት፥ ሳይነግሩት የሚሠራ ሠራተኛ አለ። ለነዚህ ነሐስ ማፍሰስ አንችልም፤ ስታርጄል በወንድሞቹ ቆብ ላይ ያኖራትን የጨርቅ ኮከብ የምታህል ምስጋና ግን ዛሬ ማታ በማዕድ ዙሪያ ስማቸውን በትክክል ጠርተን ልንሰጣቸው እንችላለን።